ስለ ፒካፕ መኪና ጎማ ማተለቅና ጎማው ከመኪናው አካል ጋር እንዳይፋተግ ስለሚደረገው ጥንቃቄ

በየወረዳው ለእርሻ ሥራ የቆመው ፒካፕ መኪና ከሌላው መሣሪያ ሁሉ ይልቅ ብዙ ይደክማል። በዘር ወራት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ይጭናል፤ ለከብት የሚሆነውን የክትባት መድኃኒት ከነማቀዝቀዣው ወደ ገጠር ያደርሳል፤ መከር በገባ ጊዜም እህል ወደ ገበያ ያወጣል፤ ጭንቅ በሆነ ቀን ደግሞ በሽተኛ ጭኖ ወደ ሐኪም ቤት ይሮጣል። መንገዱ ግን ለሥራው የተመቸ አይደለም። በበቾና በግንጪ፣ በእነዋሪና በፎገራ ሜዳ እንደሚታየው፣ ጥቁሩ የዋልካ አፈር ዝናም በጠጣ ጊዜ ጎማውን እንደ ሙጫ ይይዘዋል፤ ድንጋያማ በሆነውም አገር ጉብታውና ቦዩ የመኪናውን ሆድ ይመታዋል። ስለዚህ ብዙዎች ሹማምንትና ባለ እርሻዎች ከፋብሪካ ከመጣው የሚበልጥ ጎማ በመኪናቸው ላይ ለማግባት ያስባሉ።

አሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ጎማ ያለ ልክ በተለቀ ጊዜ፣ መሪው ሲታጠፍ ከፓራፋንጎው ጋር ይፋተጋል፤ መኪናው ከጉድጓድ ሲገባም ከላይ ያለውን ብረት ይመታል። መጀመሪያ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነው፤ ሾፌሩም ይለምደውና ይተወዋል። ቈይቶ ግን ሹሉ ብረት የጎማውን ጠርዝ ይከትፈዋል። ፍትጊያው በውስጥ በኩል የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ጎማው የፍሬኑን ቱቦ እየፋቀ ያሳሳዋል፤ ቱቦውም በቁልቁለት ላይ የተበሳ እንደ ሆነ የሚጠፋው ከገንዘብ የሚበልጥ ነው። ስለዚህ ጎማ ከመግዛት አስቀድሞ መለካት፣ ከገጠሙም በኋላ መፈተን የግድ ነው።

በዚህ ነገር ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው አንድ ቁም ነገር አለ። ይኸውም በከተማ፣ በደልዳላ መሬት ላይ፣ ባዶውን በቆመ መኪና የሚታየው ክፍተት ሰውን ያታልላል። እውነተኛው ክፍተት መኪናው ጭነቱን ተሸክሞ፣ መሪው እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ፣ አንዱ ጎማ ወደ ላይ ተገፍቶ፣ ጭቃም ተለጥፎበት ሳለ የሚቀረው ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው ምክር ሁሉ በዚህ አሳብ ላይ የቆመ ነው።

1ኛ፤ የጎማውን ቍጥር ስለ ማንበብ

በጎማው ጐን ላይ የተጻፈው ቍጥር ልኩን ሁሉ ይናገራል። ለምሳሌ የቶዮታ ሃይለክስ ይወሰድ። ይህ መኪና በፈረንጆች አቈጣጠር በ1968 ዓ.ም. መሠራት የጀመረና በአገራችን ገጠር እጅግ የታወቀ ነው። በ2015 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች) ከወጣው ወዲህ በብዙዎቹ ላይ የሚገኘው ጎማ 265/65 አር 17 ይባላል። 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 ማለት የጎማው ጐን ከፍታ ከስፋቱ 65 በመቶ ነው ማለት ነው፤ ይኸውም 172 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 17 ደግሞ ጎማው የሚቀመጥበት ቸርኬ በኢንች ሲለካ ያለው ቁመት ነው። 1 ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ፣ ቸርኬው 432 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። የጐኑን ከፍታ ሁለት ጊዜ ከቸርኬው ጋር በደመሩት ጊዜ የጎማው ጠቅላላ ቁመት 776 ሚሊ ሜትር ይወጣል።

በዚሁ አቈጣጠር 265/70 አር 17 የተባለው ጎማ 803 ሚሊ ሜትር፣ 285/70 አር 17 የተባለው ደግሞ 831 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ፊተኛው ከዋናው ጎማ በ27፣ ኋለኛው በ55 ሚሊ ሜትር ይበልጣሉ ማለት ነው። ነገር ግን ጎማው የሚዞረው በመኻሉ ስለ ሆነ፣ ወደ ፓራፋንጎው የሚቀርበው የብልጫው እኩሌታ ነው። መኪናውም ከመሬት የሚነሣው በዚያው እኩሌታ ነው፤ በፊተኛው 13፣ በኋለኛው 27 ሚሊ ሜትር ብቻ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ትልቅ ቸርኬ ሁሉ ትልቅ ጎማ ማለት አይደለም። 265/60 አር 18 የተባለው ጎማ ቸርኬው በ1 ኢንች ይበልጣል፤ ጠቅላላ ቁመቱ ግን 775 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ ከ17ቱ ጎማ አይበልጥም። የጐኑ ከፍታ እንዲያውም ከ172 ወደ 159 ሚሊ ሜትር ያንሳል። ድንጋይና ጉድጓድ በበዛበት መንገድ ምትን የሚያለዝበው የጐኑ ከፍታ ነውና፣ ለገጠር ሥራ ትንሽ ቸርኬ ከረጅም ጐን ጋር ይሻላል። ለዓይን የሚያምረው ትልቁ ቸርኬ በዋልካውም በድንጋዩም ላይ ምንም አይረዳም።

2ኛ፤ ስለ ቸርኬው ወርድና አቀማመጥ

ጎማው የሚፋተገው ስለ ቁመቱ ብቻ አይደለም፤ ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ስለ መውጣቱም ነው። በቸርኬው ላይ ኢቲ የሚል ምልክት ከቍጥር ጋር ተጽፎ ይገኛል። ይህ ቍጥር ከመኪናው ጋር የሚጋጠመው የቸርኬው ፊት ከቸርኬው ወርድ መኻል ምን ያህል እንደሚርቅ በሚሊ ሜትር ያሳያል። ቍጥሩ ባነሰ መጠን ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል፤ በበለጠ መጠንም ወደ ውስጥ ይገባል።

ለምሳሌ 7.5 ኢንች ወርድና ኢቲ 30 ያለውን ቸርኬ አውጥቶ 8.5 ኢንች ወርድና ኢቲ 0 ያለውን ቸርኬ ያገባ ሰው፣ የውጭው ጠርዝ 43 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይወጣበታል። በውስጥ በኩል ደግሞ 17 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ያገኛል። ነገር ግን ወደ ውጭ የወጣው ጎማ መሪው ሲታጠፍ የሚሄድበት ቅስት ሰፊ ነው፤ ስለዚህ በፊት የፓራውልቱን ጫፍ፣ በኋላም የአካሉን ስፌት ይደርስበታል። በጎማ ቤት ብዙ ጊዜ «ወደ ውጭ ባወጣው አይነካም» ሲባል ይሰማል፤ በውስጥ በኩል እውነት ነው፣ በውጭ በኩል ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከዚህም በላይ ኩሽኔታው ከልኩ በላይ ይጫነዋል፤ ጭቃውም ተፈናጥሮ መስተዋቱንና በሩን ይመታል።

ቸርኬውንና መኪናውን በሚያራርቅ ቀለበት መጠቀምም ይኸው ጉዳት አለበት። ስለዚህ ጎማውን ብቻ ማተለቅ በቂ ሆኖ ሳለ የፋብሪካውን ቸርኬ መለወጥ አያስፈልግም። መለወጥ የግድ በሆነ ጊዜም የቡሎኖቹ ብዛትና ርቀት፣ የመኻሉም ቀዳዳ ልክ መሆኑ ይመረመር። የሃይለክስ ባለ አራት ጎማ መንጃው 6 ቡሎን በ139.7 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ የተደረደረበት ነው።

3ኛ፤ ጎማው የሚፋተግባቸው ቦታዎች

የፊተኛው ጎማ ሦስት እንቅስቃሴ አለው፤ ይዞራል፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይታጠፋል፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ይወጣል ይወርዳል። ሦስቱ በአንድ ጊዜ ሲሆኑ ከሚነካቸው ቦታዎች ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

በስተፊት የፓራውልቱ የታችኛው ጫፍና በፓራፋንጎው ውስጥ የተለጠፈው ፕላስቲክ ነው። በስተኋላ ከሾፌሩና ከባልደረባው እግር ፊት ለፊት፣ 2 የአካል ብረቶች የተገጣጠሙበት ሹል ስፌት ይገኛል፤ የጭቃ መከላከያው ላስቲክም በዚያው አጠገብ ነው። ይህ ስፌት ጎማን እንደ ቢላዋ ስለሚቈርጥ ከሁሉ ይልቅ ይፈራል። በውስጥ በኩል ጎማውን የሚይዘው የላይኛው ክንድ፣ ሻንሲው፣ የፍሬኑ ቱቦና የፍሬኑ የኤሌክትሪክ ሽቦ አሉ። በላይ ደግሞ የፓራፋንጎው ጣራ ነው።

የኋለኛው ጎማ አይታጠፍምና ነገሩ ይቀላል። ሆኖም ጭነት በተጫነ ጊዜ ባሌስትራው ይለጠጥና አካሉ ወደ ጎማው ይወርዳል፤ ሰፊ ጎማም ከባሌስትራው ጐን ጋር ሊፋተግ ይችላል። ባዶ መኪና ላይ አንድ ስንዝር የሚመስለው ክፍተት፣ ማዳበሪያ ሲጫን በጣት የሚለካ ይሆናል።

በዋልካ አገር ያሉ ሹማምንት ደግሞ ሌላው የማይቈጥረውን መቍጠር አለባቸው፤ እርሱም ጭቃው ነው። ዋልካ በጎማው ጥርስና በፓራፋንጎው ውስጥ እየተለጠፈ ይወፍራል። በደረቅ ጊዜ አንድ ጣት የሚያህል ክፍተት የነበረው ጎማ፣ ጭቃ በሞላበት ጊዜ ፈጽሞ ይያዛል፤ መኪናውም ሞተሩ እየጮኸ በቦታው ይቆማል። ስለዚህ በደረቅ አገር አንድ ጣት የሚበቃ ቢሆን፣ በዋልካ አገር በየትኛውም በኩል ከሁለት ጣት ያላነሰ ክፍተት መተው ይገባል።

4ኛ፤ ፈተናው እንዴት እንደሚደረግ

አዲሱን ጎማ አራቱንም ከመግዛት በፊት፣ ነጋዴው የሚፈቅድ ከሆነ፣ ሁለቱን ብቻ በፊት ገጥሞ መፈተን ብልህነት ነው። ፈተናውም እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ መኪናው እንደ ልማዱ ይጫን። ማዳበሪያ በ50 ኪሎ ከረጢት ስለሚመጣ መቍጠሩ ቀላል ነው፤ 10 ከረጢት 500 ኪሎ ይሆናል። ጭነቱ በመኪናው መጽሐፍ ከተፈቀደው እንዳይበልጥ ይጠንቀቁ። ከዚያም በላይ የተቈጠሩት ቦታዎች ሁሉ ታጥበው ሲደርቁ በጠመኔ ወይም በኖራ ይቀቡ።

ሁለተኛ፣ ሾፌሩ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ አጥፎ በዝግታ ክብ ይንዳ፤ እንዲሁ ወደ ግራ ያድርግ፤ ከዚያም ወደ ኋላ እየሄደ ይድገመው። ወደ ፊት ሲነዱ የማይነካ ጎማ ወደ ኋላ ሲነዱ ሊነካ ይችላልና ይህ ሊዘነጋ አይገባም።

ሦስተኛ፣ ከአፈር ወይም ከጠንካራ እንጨት ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን መወጣጫ ተሠርቶ፣ አንዱ የፊት ጎማ ብቻ በዝግታ ይውጣበት። መሪው ቀጥ ብሎ፣ ከዚያም በግማሽ፣ በመጨረሻም ፈጽሞ ታጥፎ ይፈተን። ይህ ለሌላው የፊት ጎማና ለኋለኞቹም ይደረግ። አንድ ሰው በሩቅ ቆሞ ይመልከት፤ መኪናው ሳይቆምና የእጅ ፍሬኑ ሳይያዝ ግን እጁንም ራሱንም ወደ ጎማው አያስገባ።

ጠመኔው የተፋቀበት ቦታ ሁሉ ጎማው የነካበት ነው። ጠመኔው ሳይፋቅ የቀረ እንደ ሆነም ጠባቡ ክፍተት በጣት ይለካ። ከዚህ በኋላ መኪናው በተለመደው የወረዳው መንገድ ላይ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ እንደ ገና ይመርመር፤ የቡሎኖቹም ዳዶ በመኪናው መጽሐፍ በተጻፈው ልክ እንደ ገና ይጥበቅ።

5ኛ፤ የተገኘውን ፍትጊያ ስለ ማስወገድ

መድኃኒቱ ከቀላሉ ወደ ከባዱ በተራ ይደረጋል። ከሁሉ የሚቀለው በአንድ ደረጃ የሚያንሰውን ጎማ መምረጥ ነው። 265/70 አር 17 የተባለው በአዲሱ ሃይለክስ ላይ ብዙውን ጊዜ ያለ ብዙ ድካም ይገባል፤ 285/70 አር 17 ግን መኪናውን ሳያነሡና አካሉን ሳያስተካክሉ የሚፋተግ ነው።

ቀጥሎ የጭቃ መከላከያውን ላስቲክና የውስጡን ፕላስቲክ ወደ ኋላ ስቦ ማሰር ወይም በጥቂቱ መቍረጥ ነው። ከዚህም ጋር የፊት ጎማዎች አቋም በባለሙያ መሣሪያ ይስተካከል። የጎማውን ዘንበል ማለት በማስተካከል ብቻ ጎማው ከኋላው ስፌት በጥቂት ሚሊ ሜትር እንዲርቅ ማድረግ ይቻላል። የፊት አክስላቸው ድፍን በሆነ መኪኖች ላይ ደግሞ የመሪውን መታጠፍ የሚገታ ቡሎን አለ፤ እርሱን በመጠኑ ማውጣት ፍትጊያውን ያስቀራል፤ ነገር ግን መኪናው ለመዞር ሰፊ ቦታ ይፈልጋል።

መኪናውን በሞላና በባሌስትራ ስለ ማንሣት ብዙ ይባላል። ማንሣት በቆመ መኪና ላይ ክፍተቱን ያሰፋል። ሆኖም ጎማው በጉድጓድ ሲመታ ሞላው ይጨመቅና ጎማው ወደ ፊተኛው ቦታው ይወጣል። የጎማውን መውጣት የሚገታው የላስቲክ መደገፊያ አብሮ ካልረዘመ፣ ያ ማንሣት ከፍትጊያው አያድንም። ደግሞም ከ50 ሚሊ ሜትር ያህል አልፎ የተነሣ እንደ ሆነ የፊተኛውን ጎማ የሚያዞረው ዘንግ መገጣጠሚያና የክንዶቹ ራስ ቶሎ ያልቃሉ። የኋላው ዲፈረንሻል ከመሬት የሚርቀው በጎማው ቁመት ብቻ ስለ ሆነ፣ በባሌስትራ ቢነሣ እርሱ ካለበት ንቅንቅ አይልም።

የአካሉን ብረት ማጠፍ ወይም መቍረጥ የመጨረሻው ነው። «አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቍረጥ» እንደሚባለው፣ ይህ ሥራ በጠመኔው ከታየው ቦታ ሊያልፍ አይገባም። የስፌቱ ብረት በመዶሻ ተደፍቶ የሚበቃ ከሆነ አይቈረጥ፤ የተቈረጠም እንደ ሆነ ወዲያው ቀለም ይቀባ፤ ያለዚያ ዝገቱ ወደ ጓዳው ይገባል። የፍሬን ቱቦን ግን ከቦታው አንሥቶ በሽቦ ማሰር ፈጽሞ የተከለከለ ሊሆን ይገባዋል፤ መሪው ሲታጠፍ ወይም ጎማው ሲወርድ ይበጠሳልና።

6ኛ፤ ስለ ጭነት፣ ስለ መዝገብና ስለ መለዋወጫ ጎማ

ትልቅ ጎማ ሁሉ ብርቱ ጎማ አይደለም። በጎማው ላይ ከልኩ ቀጥሎ የሚጻፈው ቍጥር የሚሸከመውን ክብደት ያመለክታል፤ 112 የሚለው አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ፣ 121 የሚለው 1,450 ኪሎ እንዲሸከም የተሠራ ነው። አዲሱ ጎማ ከፋብሪካው ጎማ የሚያንስ ቍጥር ካለው፣ የቱንም ያህል ቢያምር አይገዛ።

ሹማምንት ሊያስተውሉት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ጎማ በተለቀ ጊዜ የኪሎ ሜትሩ መቍጠሪያ አጉድሎ ይቈጥራል። ከ776 ወደ 831 ሚሊ ሜትር የተለቀ ጎማ መኪናውን 107 ኪሎ ሜትር ሲያስኬደው መቍጠሪያው 100 ብቻ ይላል። ፍጥነቱንም እንዲሁ አሳንሶ ያሳያል። በ1 ሊትር 10 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ቢሆን፣ መዝገቡ 10,000 ኪሎ ሜትር በሚያሳይበት ጊዜ 70 ሊትር ያህል ነዳጅ ጠፍቶ ይታያል፤ እርግጡ ግን መኪናው 700 ኪሎ ሜትር ሳይቈጠርለት ሄዷል። ይህን ያላወቀ አለቃ ታማኙን ሾፌር በሌብነት ይጠረጥራል። ስለዚህ ጎማ በተለወጠ ቀን አሮጌውና አዲሱ ልክ በመዝገብ ላይ ይጻፍ፤ ሒሳቡም በዚያው ይታረም። የዘይት መለወጫ ጊዜም እንዲሁ ቀድሞ ይታሰብ።

ደግሞ ትልቅ ጎማ ሞተሩን ያከብደዋል። ማርሹ የረዘመ ያህል ስለሚሆን ዳገት ላይ ጉልበት ያንሳል፤ ለማቆምም ፍሬኑ የበለጠ ይደክማል። ነዳጁም ከመቍጠሪያው ስሕተት ሌላ በእውነት ጥቂት ይጨምራል።

አራቱም ጎማዎች እኩል መሆን አለባቸው፤ አምስተኛው መለዋወጫም ከእነርሱ ጋር አንድ ይሁን። ልካቸው የተለያየ ጎማዎች በአንድ አክስል ላይ ሲሆኑ ዲፈረንሻሉ ሳያርፍ ይሠራል፤ የፊቱና የኋላው ተለያይቶ በአራቱ ጎማ በተነዳ ጊዜም የካምቢዮው ጥርስ ይጎዳል። ትልቁ መለዋወጫ ከጭነቱ ወለል በታች ባለው ቦታ መግባቱም አስቀድሞ ይለካ፤ በጭነቱ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ የከረጢት ቦታ ይወስዳል።

በመጨረሻም፣ በዋልካ ላይ ከጎማው ትልቅነት ይልቅ የጎማው ጥርስና የሾፌሩ ጥበብ ይረዳሉ። በጭቃው አገር ነፋሱን በመጠኑ ቀንሶ በዝግታ መሄድ፣ ወደ ደረቁ መንገድ በተመለሱ ጊዜም ሳይዘገዩ ነፋሱን እንደ ቀድሞው መሙላት፣ ብዙ ገንዘብ ከወጣበት ሰፊ ጎማ የሚበልጥ ጥቅም የሚሰጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ነፋስ መሙያ የሌለው መኪና ግን ይህን ማድረግ አይገባውም።

እንግዲህ የወረዳው መኪና የሚመዘነው በአደባባይ በሚያሳየው ግርማ ሳይሆን፣ ዘሩን በወቅቱ፣ በሽተኛውንም በሕይወቱ በማድረሱ ነው። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንደሚባለው፣ ጎማውን ማተለቅ ያሰበ ሹም ወይም ባለ እርሻ ክረምት ሳይገባ ይለካ፤ በአንድ ደረጃ ብቻ ያተልቅ፤ መኪናውን ጭኖ ይፈትን፤ ሾፌሩም የፍትጊያ ድምፅ በሰማ ቀን ሳይፈራ እንዲያስታውቅ ይዘዝ። ይህን ያደረገ ሰው ገንዘቡንም መኪናውንም፣ በላዩ የሚጓዙትንም ሰዎች ይጠብቃል።